እትዬ ጭጭና የቀትር እንቅልፍ

ፓም፣ ፓም፣ ፓዓዓም! ያን ጊዜ የጭነት መኪናው ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ እንዲህ ሲጮኽ ውሾች ይነሡ፣ ዶሮዎች ይበተኑ፣ ጎረቤት ይራገም ነበር። አንዲት ልጃገረድ ብቻ መስኮቷን ከፍታ ፈገግ ትላለች። ሾፌሩ ጡሩንባውን የሚነፋው ለእሷ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከተጋቡም በኋላ ምሳ የሚሞቀው ያ ጡሩንባ ሲሰማ ነበር።

ያቺ ልጃገረድ ዛሬ እትዬ ጭጭ ናቸው። ሾፌሩ ጡረታ ወጥቶ፣ ልጆቻቸውም ጎጆ ወጥተው ቤቱ ባዶ ሲሆንባቸው፣ ሳሎናቸውን የሕፃናት ማቆያ አደረጉት። እናቶች ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ዳዴ ባዩንም ወፌ ቆመች ባዩንም አስረክበዋቸው ይሄዳሉ። እውነት ለመናገር ሥራውን ይችሉበታል፤ እሳቸው ዘንድ የራበው ወይም እርጥብ ለብሶ የዋለ ሕፃን የለም። ስማቸውን ያስጠራው ግን ሾርባቸው አይደለም፤ የቀትር እንቅልፉ ነው። “እትዬ ጭጭ ቤት ልጅ እንደ ድንጋይ ይተኛል” ይባላል። ምሥጢሩን ለጠየቃቸው ሁሉ አይደብቁም።

“ጸጥታ ነው! ሌላ ምንም አይደለም፣ ጸጥታ!” ይላሉ፣ ጮኽ ብለው።

ለዚህች ጸጥታ ሲሉ ያልሆኑት የለም። የወንበሮቹን እግሮች አሮጌ ካልሲ አልብሰዋል። የበሩን ደወል በጥጥ ጠቅጥቀው አፉን ዘግተዋል። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ፎጣ አንጥፈዋል። ጎረቤት ያለው አናጢ በቀትር ሚስማር የሚመታው እሳቸውን አስፈቅዶ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አይፈቅዱም። አንድ ቀን ሾፌሩ ሻዩን ሲያማስል ማንኪያውን ከእጁ ነጠቁት።

“በምን ላማስለው ታዲያ?”

“በጣትህ!”

“ያቃጥላል እኮ!”

“እስኪበርድ ጠብቃ! ምን አስቸኮለህ፣ ጭነት ይዘሃል?”

አንድ ድምፅ ብቻ አልበገር አላቸው። ሾፌሩ ምሳውን እንደበላ ከሳሎኑ በስስ ጣውላ በተከፈለችው መኝታ ቤት ጋደም ይላል፤ ከዚያ ያንኮራፋል። ማንኮራፋት ብሎ ማለፍ ግን ሰውየውን መበደል ነው። ዳገት ይወጣል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይይዛል። እትዬ ግድግዳውን በጡጫ ይመታሉ። እሱ ይገላበጥና ሌላ ዳገት ይጀምራል።

አንድ ሐሙስ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነች እናት ልጇን ከማስገባቷ በፊት የቀትሩን እንቅልፍ በዐይኗ ልታይ በዚያው ዕለት እንደምትመጣ መልእክት ላከች። ይህች ሴት ከወደደች ባልደረቦቿ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ካልወደደች ደግሞ አፏ ሰፊ ነው። የእትዬ ስም በዚያች ቀትር ላይ ተንጠለጠለ።

“ስማ፣” አሉት ሾፌሩን፣ ምሳውን ሳይጨርስ። “ዛሬ እዚህ አትተኛም።”

“የት ልተኛ?”

“ጓሮ፣ አግዳሚው ላይ።”

“ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ ጓሮ የምጣለው እኔ!”

“አንተ ስትተኛ እኮ ቤቱ ተነሥቶ ይሄዳል!”

“ድሮ ድምፄን ስትሰሚ ነበር የምትሮጪው።”

“አሁንም እሮጣለሁ፤ አቅጣጫው ነው የተለወጠው።”

ሾፌሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ትራሱን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

አምስቱ ሕፃናት በየፍራሻቸው ተደረደሩ። ቤቱ ጭጭ አለ። ዝንብ እንኳ በጫፍ እግሯ የምትሄድ ትመስል ነበር። እትዬ በኩራት እጃቸውን አጣጥፈው ሲጠብቁ፣ ሁሉን በጥርጣሬ ስለሚመለከት ዳኛው የሚባለው ጉንጨ ትልቅ ሕፃን ዐይኑን እንዳፈጠጠ ተነሥቶ ተቀመጠ።

“አባባስ?”

“አባባ ወጣ። ተኛ የኔ ጌታ።”

ዳኛው ጣቱን ወደ ጣውላው ግድግዳ ቀሰረ። “ኽርርር የለም?” አለ።

“ኽርርር!” ብላ ጎኑ የተኛችው ተቀበለችው። ወዲያው አምስት ትናንሽ መኪናዎች በአንድነት ሞተር አስነሡ። አንዱ በመካከል አለቀሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ነገሩ ለእትዬ ገባቸው፤ እንዳልገባቸው ለመሆን ግን ጥቂት ታገሉ። እሳቸው ጸጥታን ሲሰብኩ በኖሩበት ቤት፣ ልጆቹን ሲያስተኛ የኖረው ከጣውላው ማዶ ያለው ነጎድጓድ ነበር! ይህን ገና ሳይውጡት ደጅ መኪና ቆመ። ወደ ጓሮ በረሩ።

“ተነሥ! ግባና ተኛ!”

“አሁን ገና ዐይኔን መክደኔ ነው። ደግሞስ እንቅልፍ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ?”

“እንቅልፉ ይቅርብኝ፣ ድምፁ ይበቃኛል! አንኮራፋልኝ በሞቴ!”

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያቸው። “ልጆቹ እኔን ብለው ነው?”

“አንተን ነው አልኩህ፣ አንተን!”

ለትልቅ ወንበር እንደተጠራ ሰው ኮሌታውን አስተካክሎ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከጣውላው ማዶ ሞተሩ ተነሣ፤ መጀመሪያ እያነቀው፣ በኋላም እየሞቀ። ሕፃናቱ አንድ በአንድ ዘፍ አሉ። ከሁሉ መጨረሻ ዳኛው ተሸነፈ።

በስልክ ስታወራ መኪናዋ ውስጥ የቆየችው እንግዳ ጫማዋን አውልቃ ገባችና አፏን በእጇ ያዘች።

“ሁሉም ተኝተዋል!” አለች በሹክሹክታ። “ምን አድርገዋቸው ነው፣ እትዬ?”

“ጸጥታ ነው፣ ልጄ።”

“ይሄ የሚያጉረመርመውስ ምንድን ነው?”

የእትዬ ጆሮ ጋለ። እውነቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጡት።

“የጎረቤት የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው። አርጅቶ አስቸገረን። ልጆቹን እንዳይረብሽብኝ ሰሞኑን አስነቅዬ አስጥለዋለሁ።”

ከጣውላው ማዶ ሞተሩ ዳገቱ መሐል አንድ ጊዜ አሳለና ቆመ።

“ተገላገልን፣” አለች እንግዳዋ ደስ ብሏት። “በቃ፣ ሰኞ ልጄን አመጣታለሁ።”

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሾፌሩ ትራሱን በብብቱ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በፍራሾቹ መሐል አለፈ። ዳኛው አንድ ዐይኑን ገልጦ “አባባ” አለ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበለት።

“እሳቸውስ ማን ናቸው?” ስትል ጠየቀች እንግዳዋ።

“ሞተሩን ሊያዩ የመጡ ሰው ናቸው፣” አሉ እትዬ።

እንግዳዋ ትራሱን አየች፤ ከዚያም እትዬን አየች። ሾፌሩ ሁለቱንም አላያቸውም። ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል፣ በባዶ እግሩ ወደ መንገዱ ወጣ።