የድብ ባሕሩ ደወል ላይ የተጻፈው

ዛሬ ድብ ባሕር በምትባለው መንደር የአጎቴን ልጅ ቀበርናት። ቤቷ ላይ የመድፍ ጥይት ወድቆ ነው የሞተችው።

ለቀብሯ የተደወለው ደወልም የመድፍ ቀለሃ ነው። ከድሮ ጦርነት የቀረውን ባዶ ቀለሃ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ላይ ሰቅለው በብረት ይመቱታል። ድምፁ ሸጋ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ከቀብር በኋላ ደወል መቺው አያ ሙጬ ወደ ቀለሃው ጠሩኝ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ይሄ የፈረንጅ ጽሑፍ ምን ይላል?"

ዝገቱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። የተሠራበት አገር ስም ነው።

ያንኑ ስም ጠዋት ከጎንደር ስመጣ በሚኒባሱ ሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። የዚያ አገር እንደራሴዎች ሰላማዊ ሰው ይጨፈጭፋል ለሚባለው ወዳጃቸው መንግሥት መሣሪያ መሸጥ እናቁም አናቁም እያሉ ፓርላማቸው ውስጥ ይከራከራሉ። አንዱ "እኛ ባንሸጥለት ሌላ ይሸጥለታል" አለ። ሾፌራችን ሰለቸውና ወደ ዘፈን ቀየረው።

ይህንኑ ለአያ ሙጬ ነገርኳቸው። የሚመቱበትን ብረት መሬት ላይ አስቀመጡ።

"እኔ ባልሰርቅ ሌላ ይሰርቃል ብዬ ብናዘዝ፣ የነፍስ አባቴ ይፈቱኛል?"

"አይፈቱዎትም።"

"የእነዚያስ የነፍስ አባት ማን ይሆን?"

  ከታች ሌላ ሬሳ እየመጣ ስለነበር ብረቱን አንስተው ያንኑ ቀለሃ መምታት ጀመሩ።

በእናንተ ደብርስ የተሰቀለው ደወል የየት አገር ሥሪት ነው? ዝገቱን ጠረግ አድርጋችሁ አንብቡትና እዚህ ሥር ጻፉልኝ።