እናቴ ብቻ ያልሰማችው ሕመም

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ላምባ ላምባ ትሸት ነበር፤ እዚሁ ስደት አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር የነበረችው፣ ላምባና ዳቦ የምንሸጥባት ትንሿ ሱቃችን፣ ስፓዛችን፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ክፍል ስገባ ደግሞ አስተማሪው «የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ማኅበረሰብ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀን። ማኅበረሰብ የሚያደርገው አንዱ «ቋንቋ ነው» አለ፣ ሌላዋ «እምነት ነው» አለች። እኔ ምን ልበልህ? ትዝ ያለኝ መርዶ ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ በየቅዳሜው፣ ዳቦ ገዢው ጋብ ሲል፣ ሆሳዕና ላለችው አያቴ ትደውል ነበር። አንድ ሰሞን ግን አያቴ ከስልክ ጠፋች። ስልኩን የሚያነሱት ዘመዶች «ጉባኤ ሄደዋል»፣ «ተኝተዋል» ይሏታል። እናቴ ጠረጠረች። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የኳየር ጓደኛዋን፣ ያገሯን ልጅ፣ «ከቤት የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?» ስትላት «ኧረ ደህና ናቸው! ምን ሆነሻል?» ብላ ሳቀችባት።

አንድ ማለዳ የስፓዛውን በር ስንከፍት ደጁ በመኪና ተሞልቷል። ፓስተሩ፣ ኳየሩ፣ ጀፕ በሚባለው የጅምላ ገበያ ዕቃ የምንረከባቸው ነጋዴዎች ሳይቀሩ ቆመዋል። እናቴ ገና ስታያቸው «ማን ነው? እማዬ ናት?» አለች። መልስ አልጠበቀችም፤ የዳቦው ሳጥን ላይ ወደቀች።

ለካ አያቴ ታማ ከርማለች። «ልጄን አገናኙኝ» እያለች ነው የሞተችው። ይህን ከእናቴ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አሏት። ወይ ነዶ! ድንጋጤው ይቅርባት ብለው የእናቷን ድምፅ አስቀሩባት።

ክፉዎች ናቸው ብዬ እንዳልጠላቸው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አልተለዩንም። አበሰሉ፣ ሱቁን ቆመው ሸጡልን፣ አብረዋት አለቀሱ። ያቺው ጓደኛዋ በነጠላዋ እንባዋን ትጠርግላት ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባል የለ? እኔን ግን አንገበገበኝ።

ዓመት ሳይሞላ የጓደኛዋ አባት አገር ቤት ታመሙ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለእናቴ ነው። እሷማ ቀምሳዋለች፣ ትነግራታለች ብዬ ጠበቅኩ። ጀፕ ምሳ ስንበላ ጓደኛዋ «አባዬ ስልክ አያነሳም እኮ» አለቻት። እናቴ ጠቅልላ አጎረሰቻትና ዓይኗን ሳታሽ «ደህና ናቸው፤ እርሻ ወርደው ይሆናል» አለች። ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ማኅበረሰብ ማለት ለደግ ብሎ አንድ ላይ የሚዋሽ ነው ብዬ ዛሬ ለአስተማሪው ብነግረው ክፍሉ ይስቅብኛል።

አሁን እናቴ ጀርሚስተን የምትባል ከተማ ናት፤ ማታ ማታ እደውልላታለሁ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩም» ትለኛለች። አላምናትም። ጓደኞቿ ጋ ብደውልም ያንኑ ይሉኛል። እነሱንም አላምናቸውም። ታክሲ ይዤ እሄድና ፊቷን አያለሁ።