በወረቀት አባት ለመሆን

ከአንኮበሯ ጎረቤላ የወጣን ማታ የሰርጋችን ድንኳን የቆመበት ጉድጓድ እንኳ ገና አልተደፈነም ነበር። አማቴ ጋሽ ወልደየስ እስከ መኪናው ሸኙንና እጄን አጥብቀው ይዘው፣ «በሽማግሌ ፊት ነው የሰጠሁህ፤ በሰው አገር አደራዬን» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ተለየኋቸው። ከሚስቴ ከአስካለ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በመተማ አድርገን ወጣን። የበረሃውንና የባሕሩን መከራ ስንቱ አውርቶታል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ጀርመን ከገባን በኋላ፣ ጠግበንና ሞቆን፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጠን የደረሰብን ነው።

የተመደብንበት ከተማ ብርዱስ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ለእኛ ብርቅ አይደለም። የሚገድለው ዝምታው ነው። ልጃችን ምንታምር ስትወለድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚመጣ ጎረቤት ስላልነበረ ገንፎውን ያገነፋሁት ራሴ ነኝ። ቅቤው ሲሸት አከራያችን በሩን ደበደበው።

«ምን ተቃጠለ?»

«ምንም አልተቃጠለም፤ ልጅ ተወልዶልን ነው።»

«እናንተ አገር ልጅ ሲወለድ እንዲህ ይሸታል?» አለና መስኮት ክፈቱ ብሎኝ ሄደ።

ጥፋቱ የተጀመረው ልጅቷን ልናስመዘግብ ስንሄድ ነው። የምትመዘግበው ሴትዮ «ባለትዳር ናችሁ?» ስትል ሁለታችንም ባንድ አፍ «አዎ!» አልን። የኛ ሰው ሌላ ምን ይላል? ሽማግሌ ልኮ፣ ድንኳን ጥሎ የወሰዳትን ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ «አላገባኋትም» የሚል የአንኮበር ሰው እኔ አላውቅም።

«ማስረጃ?»

«ሽማግሌዎቹ አሉ። ጎረቤላ ሙሉ በልቶ ጠጥቷል።»

«የበላው ሰው ማኅተም አለው?»

የለውም። የአባት ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተወችውና ልጄን በእናቷ አባት ስም፣ ምንታምር ወልደየስ ብላ መዘገበቻት። አያችሁልኝ? በወረቀቱ ልጄ የአማቴ ልጅ፣ የሚስቴ እህት ሆና አረፈችው! አስካለ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ምንታምር መሮጥ ስትጀምር ከደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። አስካለ ፋብሪካ ውስጥ ነበረች፣ እዚያ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሆስፒታል ይዣት ሮጥኩ። ማስታገሻ ሰጧት፤ ለቀዶ ጥገናው የሚፈርም ሰው ሲፈለግ ግን ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«የምትፈርመው እናቷ ናት። አንተ ማን ነህ?»

ልጄ በደህናው እጇ አንገቴን አንቃ ይዛ «አባ፣ አባ» እያለች ነው እኮ እንዲህ የሚለኝ! እናቷ እስክትመጣ ድረስ ስታቃስት ዋለች። አስካለ አንድ ነገር ብትሆንስ ብዬ ብጠይቅ፣ ለልጅቷ ሞግዚት የሚመርጠው ፍርድ ቤት ነው አሉኝ።

በማግስቱ የልጆች ጉዳይ ቢሮ፣ እነሱ ዩገንድአምት የሚሉት ዘንድ ሄጄ ጮኽኩ። ሹሙ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ያላገባ አባት «ልጄ ናት» ብሎ ይፈርማል፣ እናቲቱም ትስማማለች፤ ከዚያ ሁለቱም አብረን እናሳድጋለን ብለው ይፈርማሉ። በቃ። ገና በእርግዝና እንኳ ይቻላል። እዚህ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሳይወለድ ሂዱ፤ እኔን የነገረኝ የለም።

«ታዲያ አምጣ ልፈርም!»

«እናንተ ተጋብተናል ብላችኋል። ያገባች ሴት የወለደችው ልጅ አባቱ ባሏ ነው፤ ሌላ ሰው ልጄ ነው ብሎ መፈረም አይችልም።»

«ባሏ እኔ ነኛ!»

«አስረዳ።»

«በምን ላስረዳ?»

«እንግዲያው አለማግባቷን አስረዳ። ከአገሯ ወረቀት ይምጣ።»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። የልጄ አባት ለመሆን ሚስቴን መካድ አለብኝ ማለት ነው። ሹሙ ብዕሩን ከወደቀበት አንስቶ መጻፉን ቀጠለ።

አገር ቤት ቀበሌው የቅርብ ዘመድ ቀርቦ ካልማለ አይጽፍም ተባለ። ለአስካለ ያሏት አባቷ ብቻ ናቸው። እሷ ከአፌ አይወጣም ስላለች የደወልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ወልደየስ እስክጨርስ አደመጡኝ።

«እስቲ ግርማ፣ አልገባኝ እንደሆን ንገረኝ። መርቄ የዳርኳትን ልጄን አላገባችም ብዬ ልማል?»

«ለምንታምር ሲሉ፣ አባባ። ለወረቀት ያህል ነው።»

«እኔ የምምለው በወረቀት አይደለም፤ በአፌ ነው» አሉና ዘጉት።

ግን ሄደው ማሉ። ወረቀቱ መጣ፣ ፈረምን፣ በሕግ የልጄ አባት ሆንኩ። ሹሙ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ፤ አልጨበጥኩትም። የዚያኑ ቀን ጎረቤላ ደወልኩ።

«አባባ፣ ተሳካልን። ምንታምር ግርማ ተብላለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ክንዷስ?»

«ድኗል። እርስዎ ደህና ነዎት፣ አባባ?»



«ልጄ ባል የላትም ብዬ እግዜርን ጠርቼ ምያለሁ። ከእንግዲህ አባባ አትበለኝ። አስካለን አቅርብልኝ።»

ስልኩን ለሚስቴ ሰጠኋት።