ከፎቶው የጠፋው አውቶቡስ

ልጄ መሳቢያውን ስትከፍት የአሮጌ ጋዜጣ ሽታ መጣና ንዴቴ ተቀሰቀሰ።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደች በተባለ ሰሞን፣ እዳጋ ሓሙስ በሚባለው ሰፈራችን ፌርማታ ላይ እናቴ ጥሏት የሚሄደውን አውቶቡስ እጇን እያወዛወዘች ስትጠራ አንድ ጋዜጠኛ ፎቶ አነሳት። በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ወጣች። ቤታችን ውስጥ አማርኛ የማነበው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ «እንታይ ይላል?» ብላ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ።

«በውሕደቱ የተደሰተች እናት» ብዬ አነበብኩላት።

«ኧረ እየተሳደብኩ ነበር! አውቶቡሱስ?»

አውቶቡሱን ከፎቶው ቆርጠው አውጥተውታል።

«አውቶቡሱ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ አባቴ። ያኔ አልገባኝም።

እናቴ ሌላ ፎቶ ስለሌላት ጋዜጣውን መጣል አልቻልኩም። ልጄ አሁን አንስታ አየችውና፣ «አያቴ እንዴት ደስ ብሏታል!» አለችኝ።