በሳጥኑ ላይ ያልተጻፈው ቀን

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ስንት ጠብታ ይወጣዋል? አዋቂ ነን የሚሉት ነገሩን በሠራው ሥራ፣ በወለዳቸው ልጆች፣ ትቶት በሚሄደው ስም ይመዝኑታል። ይህ ሚዛን ግን ለትልልቆች የተሠራ ይመስለኛል፤ ትንሽ ሰው ሲወጣበት መርፌው ንቅንቅ አይልም። አባ ዕረፍት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መርጫ በጀርባቸው አዝለው በቅጠል ላይ መድኃኒት ሲያርከፈክፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠብታ ማለት ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አይገኝም። ይሁንና ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ቢኖር «እኔ ምኑን አውቄው! የማውቀው ጎመን ነው» ብለው ያልፉት ነበር።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በአትክልት እርሻው ላይ ነው። አንድ መስመር መድኃኒት ከተረጨ ወዲያው አይለቀምም። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይቆያል። ረጪዎቹ ይህን ቆይታ «ዕረፍት» ይሉታል። መስመሩ ዕረፍት ላይ መሆኑ እንዲታወቅ መነሻው ላይ በተተከለው እንጨት ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ቀኑ ሲሞላ ይፈታል። የሚያስረውም የሚፈታውም የረጪዎች አለቃ ነው፤ አለቃው ደግሞ እሳቸው ነበሩ። ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ ጨርቁ በተጠጉ ቁጥር «ዕረፍት! ዕረፍት ላይ ነው!» እያሉ ስለሚጮኹ ስሙ ተለጠፈባቸው። የማያውቃቸው ሰው ስሙን ሲሰማ ሥራ ጠል ይመስሉት ነበር።

ጠንቃቃ ነበሩ። ማታ ቤት ሲደርሱ የሥራ ልብሳቸውን ደጅ አውልቀው፣ በባልዲ ነክረው፣ ራሳቸው አጥበው ነበር የሚገቡት። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ያንን ልብስ አንድ ቀን እንኳ በእጃቸው አልነኩም። «ባሌ ልብስ አጣቢ ነው» እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር፤ በኩራት ይሁን በአሽሙር ጎረቤቱ ሳይገባው ቀረ።

አሁን ሚስትየው የሉም፣ እርሻውም ከተሰናበቱት ስድስት ዓመት አልፎታል። አባ ዕረፍት የሚኖሩት አንድ ልጃቸው ዘንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። የእሳቸው ክፍል ጠባብ ናት፤ አልጋቸውና የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ተራ በተራ ነው የሚዘረጉባት። ልጅቷ ፖስታ ቤት በመስኮት ትሠራለች፣ ባሏ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ሳይበረክቱላት ቀርተዋል። በዚህ ታሪክ ጊዜ ሦስተኛውን ይዛ አራተኛ ወሯ ውስጥ ነበረች።

ሐኪሙ «ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የበላሽውም ነገር አይደለም» ብሏታል። ፍርሃት ግን ሐኪም አይሰማም። ከስልኳ ላይ መድኃኒት ስለ ተረጨ አትክልት አንድ ነገር አነበበች፣ አብራት የምትሠራው ሴት ሌላ ጨመረችላት፣ ከዚያ ወዲያ ከመንገዱ ማዶ ካለው፣ አረንጓዴ ቅጠል ከተሳለበት ሱቅ ካልሆነ በቀር የሚበላ ነገር ቤቷ አላስገባም አለች። ሁሉም ኦርጋኒክ፣ ያለ መድኃኒት የበቀለ የሚባለው፤ ሽንኩርቱ ኦርጋኒክ፣ ድንቹ ኦርጋኒክ፣ ሙዙ እንኳ ኦርጋኒክ።

«ይሄ ሽንኩርት እኮ ከኔ የተሻለ ኑሮ ነው የኖረው» ይላል ባሏ ሲከትፍ። «ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ውኃ፣ አለቃ የለበት፣ ትራፊክ የለበት!»

ቀልዱ የሚያስቀው እስከ ወሩ አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ የአስቤዛው ቅርጫት ማዛጋት ይጀምራል። ገንዘቡ አልቆ ባለቅጠሉ ሱቅ የማይደፈር ሲሆን፣ ልጅቷ ከገበያ የመጣውን ከመቅመስ ዳቦ በሻይ ትመርጣለች። አባ ዕረፍት አንድ ማታ አዩ፣ ሁለት ማታ አዩ። በሦስተኛው ማታ እሷ ዳቦዋን ስትነክር የገዛ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ነፍሰ ጡር ሴት ከመርዝ ሸሽታ ራብ ቤት ስትገባ ማየት፣ ያውም የመርዙን ባሕርይ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ!

ቅዳሜ ጠዋት «ልጄ፣ ቅርጫቱን ለኔ ስጪኝ» አሏት።

«አባዬ፣ አንተ ደግሞ…»

«እኔ ደግሞ ምን?»

አልጨረሰችውም። እሳቸውም እንድትጨርሰው አልጎተጎቱም። ከሱቁ የተረፈውን፣ ባሏ ተደብቆ ከገበያ የገዛውንም አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፤ ከዚያም እንደ ዳኛ ተቀመጡ።

«ሙዝ» አሉ አንሥተው። «ልጣጩን ትበዪዋለሽ?»

«አልበላም።»

«እንግዲያው ይሄ ካፖርት ለብሶ ነው ያደገው። ከገበያ።» ወደ ቀኝ አኖሩት። «አቮካዶ፤ የዚህማ ካፖርት ቆዳ ነው። ከገበያ። ሽንኩርት፤ ልብስ በልብስ ላይ የደረበ፣ ከኔ በላይ ብርድ የሚፈራ። ከገበያ። ጥቅል ጎመን፤ ላዩን ሁለት ሦስት ቅጠል ጣዪለት፣ ውስጡ ፀሐይም አላየ፣ እኔንም አላየኝ።»

«እኔስ አባባ?» አለ ባሏ ከበሩ ላይ። «እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?»

«አንተማ ከገበያ ነህ፤ ቆዳህ ወፍራም ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። በዚያ ወር ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወደ ግራ ደግሞ ሌላ ወገን ተሰለፈ፤ ሰላጣው፣ እንጆሪው፣ ቃሪያው። «እነዚህ የሚበሉት ከነልብሳቸው ነው» አሉ። «የረጨሁት ላያቸው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ላያቸውን ነው የምትበዪው። መታጠቡ መልካም ነው፤ ግን ውስጥ የሚዘልቅ መድኃኒት አለ፣ እሱን ውኃ አያወጣውም። ገንዘብሽን ለነዚህ አውጪ። ለሌላው አታባክኚ።»

እጃቸው ቲማቲሙ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ቀኝ ሊሉት አነሡት፤ መልሰው መሐል አስቀመጡት።

«ቲማቲሙስ?» አለች።

«ቲማቲም… እሱ እንደ ሁኔታው ነው።»

ልጅቷ ቲማቲሙን ሳይሆን የአባቷን እጅ ነበር የምታየው። «ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመጣልህ፣ ቀይ ጨርቅ ወዳለበት እንዳትጠጊ ትለኝ ነበር።»

«እል ነበር።»

«አንድ ቀን የጭነት መኪናው ቆሞ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። አንድ ሰው እየሮጠ ሄዶ ጨርቁን ፈታ። ፀሐይ ዓይኔ ላይ ነበረች፣ ፊቱን አላየሁትም።» ዓይኗን ከእጃቸው ወደ ፊታቸው አነሣች። «አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ቀኑ ሞልቶ ነበር?»

«ሁለት ቀን ይቀረው ነበር።»

«ያን ቀን ብቻ ነው?»

ረጪው ውሸት አያውቁበትም፤ ቢያውቁበትም ጊዜው አልነበረም። «መኪናው በቀደመ ቁጥር ነው» አሉ። «ሥራ አስኪያጁ ‹ፍታ› ይለኛል፣ እፈታለሁ። የተረጨበትን ቀን አትክልቱ በሚጫንበት ሳጥን ላይ እንጻፍና የሚገዛው ሰው ራሱ ሁለት ቀን ያቆየው አልኩት አንድ ጊዜ። ሳቀብኝ። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ፣ እናትሽ ታማ ነበር… ሰበብ መደርደሬ አይደለም። የሆነውን ነው የምነግርሽ።»

ልጅቷ ተነሥታ መኝታ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻላቸው ነበር።

ሰው በራሱ ላይ ሲፈርድ ችግሩ ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ተከሳሹም አንድ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው። አባ ዕረፍት ያን ቀንና ማግስቱን በዚያ ወንበር ላይ ዋሉ። ልብሳቸውን ደጅ ሲያጥቡ የኖሩት የገዛ ቤታቸውን ሊጠብቁ ነው፤ ጨርቁን ሲፈቱ ግን መኪናው የሚሄደው ወደ ሰው ቤት ነበር። በዚያ ሰው ቤት ውስጥም ነፍሰ ጡር ልጅ ትኖር ይሆናል ብለው ማሰብ ከፈለጉ ያን ጊዜም ይችሉ ነበር። ያልታሰባቸው ስላላሰቡት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስተባበያ ሲፈልጉ አላገኙም። የሚበላው ነገር ይቅርና፣ ከእንግዲህ ልጄ ከኔ እጅ ውኃ ትቀበለኛለች? ይህቺን ነበር የሚያሰላስሉት።

ሰኞ የእሷ የዕረፍት ቀን ነበር። ጠዋት ቅርጫቱን ይዛ ከበራቸው ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«ተነሥ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ወዴት ይሆናል? ገበያ ነዋ። ተቆጥቻለሁ፣ እንዳልተቆጣሁ አትቁጠረው። ግን አንተ ያየኸውን ያየ ሌላ ሰው የለኝም።»

አባት ካልሲያቸውን አገላብጠው አጠለቁ፤ ያንን ያወቁት ማታ ሲያወልቁ ነው።

ገበያው ጭቃና ጩኸት ነበር። አባ ዕረፍት ቲማቲሙን በእጃቸው አያፈርጡም፤ እያንዳንዱን ገልበጥ አድርገው፣ ከግንዱ የተቀጠፈበት ስርጉድ ውስጥ ነጭ ብናኝ ተኝቶ እንደሆነ ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ይመልሱታል። ሦስተኛዋ ሻጭ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባባ፣ ሊገዙት ነው ወይስ ልጅዎን ሊድሩለት?»

«የኔ እመቤት፣ ይሄ የተረጨው መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። ለመጨረሻ ጊዜ የተረጨበት ቀን።»

ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ስሚልኝማ! እኔ ራሴ የተወለድኩበትን ቀን በውል አላውቀው፣ ሰውዬው የቲማቲም ልደት ይጠይቁኛል!» ገበያው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከመኪና ላይ ነው የተቀበልኩት አባባ። ማን ነግሮኝ? እኔም ቤት ልጆች አሉኝ፣ ይህንኑ ነው የሚበሉት» አለቻቸው።

አልዋሸችም። አባ ዕረፍት ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቀኑ የሚታወቀው ጨርቁ በታሰረበት እንጨት ዘንድ ብቻ ነው፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሻጭም ገዢም፣ በጭፍን ነው የሚሄደው። ባለቅጠሉ ሱቅም የሚከብረው ሰው ያን ቀን ስለማያውቅ ነው።

በመጨረሻ ቲማቲሙን ለሁለት ፈረዱት። በጥሬው የሚበላው ጥቂቱ ከባለቅጠሉ ሱቅ፤ ለወጥ የሚሆነው ከገበያ፣ ያውም ሁለት ሦስት ቀን መስኮት ላይ አድሮ፣ በፈላ ውኃ ልጣጩ ተገፎ። «ይሄ ሙሉ ዋስትና ነው አልልሽም» አሏት፣ «ከምንም ግን ይሻላል።» ልጅቷ ዝርዝሩን በራሷ እጅ ጽፋ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ለጠፈችው፤ በቀኝ ባለካፖርቶቹ፣ በግራ ከነልብሳቸው የሚበሉት። ባሏ ከቀኙ ሰልፍ ግርጌ የራሱን ስም ጨመረበት።

በዚያ ወር ቅርጫቱ አላዛጋም። ልጅቷ ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ድንቹን እየጠገበች በላች። ሲያቀርቡላት መጀመሪያ ሳህኑን ታየዋለች፣ ቀጥሎ እሳቸውን፤ ከዚያ ትጎርሳለች። እያደር ሳህኑን ብቻ ማየት ጀመረች። ወሯ ሲደርስ ሴት ልጅ ተገላገለች፣ ደህና፣ ጩኸቷ እስከ ምድር ቤት የሚሰማ። በጎመኑ ይሁን፣ ሐኪሙ እንዳለው ምግቡ ሳይገባበት ይሁን፣ አባ ዕረፍት ደፍረው አልተናገሩም። ጎረቤት «በእርስዎ እጅ ነው» ሲላቸው ወሬ ለወጡ።

ሕፃኗ አርባ ቀን ያህል ሲሆናት፣ ማንንም ሳያማክሩ በአውቶቡስ ወደ ድሮው እርሻ ሄዱ። እንጨቶቹ አሁንም አሉ፤ ጨርቁም ያው ቀይ ነው፤ የማያውቁት ሰው ያስረዋል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ወጣት፣ ጨዋ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር።

«የተረጨበት ቀን ይጻፍልኝ» አሉት። «በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ። የመድኃኒቱን ስም አላልኩም፣ የእርሻውን ስም አላልኩም። ቀኑን ብቻ፣ በጠመኔም ቢሆን። የቀረውን ሰዉ ራሱ ቆጥሮ ያቆየዋል።»

«አባባ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው» አለ ወጣቱ። «ግን እኛ ብቻ ብንጽፍ ሰው የሚሸሸው ከኛ ነው። ሌሎቹ ይጀምሩት።»

ሌሎቹ ዘንድ ሄዱ። እነሱም ሌሎቹ ይጀምሩት አሉ። የገበያው ማኅበር ሰብሳቢ «ሻጭ ያልነገሩትን ምን ብሎ ይጻፍ?» አላቸው፤ እውነቱን ነው። ባለቅጠሉ ሱቅ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ «የኛን ይግዙ፣ ቀን መቁጠር አያስፈልግዎትም» አለቻቸው።

እስከ ዛሬም በየቅዳሜው፣ የልጅ ልጃቸውን በአንድ ክንዳቸው ታቅፈው፣ መኪናው ሳጥኖቹን በሚያራግፍበት ይቆማሉ። በኪሳቸው አንድ ቁራጭ ጠመኔ አለ። ሾፌሩ ከመውረዱ ያወጡና ይዘረጉለታል፦

«የተረጨበትን ቀን ብቻ። እባክህ፣ ሌላ ምንም አላልኩህም።»