መቅረጫው የማያውቃት ጳጉሜን

ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ውለታ ስላለብኝ ነው። አባ ወልደ ጻድቅ በእኔ ስሕተት ስማቸው በክፉ ሲነሣ በሰነበተበት ወቅት፣ እውነቱን እያወቁ አልተናገሩብኝም፤ በራሴ አፍ እንድናገረው ጊዜ ሰጡኝ። እርሳቸው ምስጋና የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። ፊት ለፊት ባመሰግናቸው ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ አዝመራው ይመልሱታል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት መካነ ኢየሱስ የገጠመኝ ነገር ነው። ለአንድ የእህል መጋዘን የጥበቃ ካሜራ እየተከልሁ ነበር። ገመዱን ዘርግቼ፣ ለእያንዳንዱ ካሜራ የኔትወርክ አድራሻውን ሰጥቼ፣ ምስሉ በስክሪኑ ላይ አራት ቦታ ተከፍሎ ከታየ በኋላ፣ ቀንና ሰዓት የሚሞላበት ገጽ መጣ። ባለ መጋዘኑ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ቀኑን በእኛ አድርግልኝ እንጂ፤ የፈረንጁ ያምታታናል» አለኝ። «አይሆንም» አልሁት። ለምን እንደማይሆን ሲጠይቀኝ ግን አጭር መልስ አጣሁለት። ረጅሙ መልስ እንዲህ ነው።

ነገሩ የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥቼ ንፋስ መውጫ ላይ የኮምፒዩተር ጥገና ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በሰኔ አጋማሽ ከእናቴ አገር መልእክት ደረሰኝ። በአጎራባች ደብር የመጾር መስቀል ስለተሰረቀ፣ የእኛም ሰበካ ጉባኤ ካሜራ አስመጥቷልና መጥተህ ትከልልን የሚል ነበር። ደብሩ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሚኒባሱ አርብ ገበያ ካወረደኝ በኋላ ሣጥኖቹን በአህያ ጭነን ወጣን። ገብሱ ገና እየተዘራ ነበር፤ በየእርሻው ሞፈርና ቀንበሩ ይታያል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያራሰው ጥቁር አፈር እግር እየያዘ አላስኬድ ይላል። መንገድ ላይ ከቋጠርሁት በሶ ላይ በምንጭ ውኃ በጥብጬ ጠጣሁ። ያ በሶ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ፤ ከዚያ በኋላ የበላሁትን ብዙ ነገር አስረስቶኛል።

አባ ወልደ ጻድቅ የደብሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። በልጅነቴ ክረምቱን ከእናቴ ቤተ ሰቦች ዘንድ ስከርም ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እኔ «የኔታ» እላቸዋለሁ። ዕቃ ቤቱ ከድንጋይ የተሠራች ክብ ቤት ናት። በበሯ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ፤ አንዱ በየኔታ፣ አንዱ በደብሩ አለቃ፣ አንዱ ደግሞ ሕዝቡን ወክለው በሚይዙት በጋሼ ይርጋ እጅ ይኖራል። ሦስቱ አብረው ካልቆሙ በሩ አይከፈትም። እንዲህ ያለ ጥበቃ የሠራ ሕዝብ ካሜራ ለምን እንዳስፈለገው ያን ጊዜ አልጠየቅሁም፤ ወጣት ነበርሁ፤ የያዝሁትን ዕቃ አምን ነበር።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ መብሳት ስለማይቻል ካሜራዎቹን በጽድ ምሰሶ ላይ አቆምናቸው። አንዱን ወደ ታላቁ በር፣ አንዱን ወደ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ፣ አንዱን ወደ ምዕራቡ የደን መንገድ አዞርሁ። አራተኛውን የቁርባኑ ኅብስት ወደሚዘጋጅበት ወደ ቤተ ልሔሙ ላዞር ስል የኔታ መቋሚያቸውን ከፊቴ አቆሙ።

«እዚያ የሚሠራው የሚታይ ሥራ አይደለም፤ ዐይኑን መልስልን» አሉኝ። አራተኛው ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ዞረ።

ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የሚጸልዩት እማሆይ ወለተ ኪዳን ምሰሶውን ቀና ብለው አዩት። «እንዲያው ልጄ፣ በጸሎቴ መካከል ሳንቀላፋ ቢያየኝ ለአለቃ ይነግርብኛል ወይ?»

«አዎ፣ ይነግርብዎታል እማሆይ።»

«እንግዲያስ ወደ አለቃ አዙረው። እሳቸው ከእኔ ይብሳሉ።»

በመጨረሻው ቀን መቅረጫውን፣ ማለት አራቱም ካሜራዎች የሚልኩትን ምስል የሚያከማቸውን ሣጥን፣ በአለቃው ጽሕፈት ቤት አስቀምጬ ስክሪኑን ከፈትሁት። ሁሉም ተሰብስቦ አየ። ሕፃናት ሮጠው ወጥተው በካሜራው ፊት እየዘለሉ ተመልሰው መጥተው «ታየን?» ይላሉ። ጋሼ ይርጋ ግን በማዕዘኑ የተጻፈው ቁጥር ላይ ዐይናቸውን ተከሉ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚለው?»

«ቀኑ ነው ጋሼ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።»

«ሌባው የሚመጣው በእኛ ቀን ነው! ኋላ ነገሩ ቢደርስ፣ የሩፋኤል ለት ነው የሚካኤል ለት ነው ብለን በምን ልንፈልገው ነው? በእኛ አድርገው።»

የኔታ፣ «ይህ መኪና የእኛን ቀን ያውቃል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እኔ አስተምረዋለሁ» አልሁ።

ይህችን ቃል ባስታወስሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱንም ጭምር በእኛ ሞላሁት። ሰኔ ዐሥረኛ ወር ነው፤ ዐሥር ብዬ ጻፍሁ። መቅረጫው ያለ ክርክር ተቀበለኝ። ሕዝቡ ረካ፤ እኔም ተመርቄ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በልቼ፣ ወደ ንፋስ መውጫ ተመለስሁ። በሐምሌ ለጉብኝት ስሄድ መቅረጫው አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። ዐሥረኛውን ወር እንደ ፈረንጁ ኦክቶበር ሠላሳ አንድ ቀን ቆጥሮታል። ሳቅሁና አንድ ቀን ወደ ፊት ገፋሁት። ማስጠንቀቂያ በቀልድ መልክ ሲመጣ ለማወቅ ዕድሜ ያስፈልጋል።

ለእንቁጣጣሽ እናቴን ይዤ ወደዚያው ወረድሁ። ተራራው በአደይ ቢጫ ሆኗል፤ የባቄላው እሸት ደርሷል፤ በየደረስንበት ቤት እሸት እየተፈለፈለ ይቀርብልናል። ከቅዳሴ በኋላ መቅረጫውን ለማየት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባሁ። ስክሪኑ መስከረም አምስት ይላል። ዕለቱ መስከረም አንድ ነው። እንደ ሐምሌው ያለ ትንሽ ጉድለት መሰለኝ፤ ብዙም ሳላስብ አራት ቀን ወደ ኋላ መለስሁትና ወደ እሸቴ ሄድሁ።

በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ለመስቀል በዓል አልባሳት ለማውጣት ሦስቱ ባለ ቁልፎች ዕቃ ቤቱን ሲከፍቱ፣ በቀይ የቆዳ ማኅደር ይቀመጥ የነበረ አንድ የብራና መጽሐፍ ከቦታው አልነበረም። በኅዳጎቹ ላይ የደብሩ ርስት፣ የአባቶች ዕረፍት፣ የረኃቡና የአንበጣው ዘመን የተጻፈበት ነበር። ዕቃ ቤቱ ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ዕለቱን ደግሞ ከፍተው ሲያወጡና ሲያስገቡ የዋሉት አባ ወልደ ጻድቅ ብቻቸውን መሆናቸው ታወቀ። ሁለቱ ቁልፎች እንዴት በእጃቸው እንደገቡ ሲጠየቁ፣ «አደራ ተሰጥቶኝ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ተጠርቼ ስደርስ የኔታ ፊታቸው ብሩህ ነበር። «ካሜራው በደጃፉ ፊት ቆሞ ነበር አይደል? እንግዲህ እርሱ ይናገራ!» አሉ። መቅረጫውን ከፈትሁ። ነሐሴ ሠላሳ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ጳጉሜን አንድ፣ በመቅረጫው ስም ነሐሴ ሠላሳ አንድ፣ አለ፤ ዝናብ ብቻ ይታይበታል። ከዚያ ቀጥሎ ልጃገረዶች አደይ ይዘው ወደ በሩ ይገባሉ፤ መስከረም አንድ ነው። በመካከሉ ምንም የለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። መቅረጫው የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ዐሥራ ሁለተኛውን ወር በሠላሳ አንድ ጨርሶ፣ ጳጉሜን ሁለትን የአዲሱ ዓመት መጀመሪያ አደረጋት፤ ሦስትን ሁለት፣ አራትን ሦስት፣ አምስትን አራት እያለ ቆጠረ። እኔ ቀኑን ወደ ኋላ ስመልሰው፣ በዚያው ቀን ስም ያስቀመጠውን ምስል እየሰረዘ በላዩ ላይ የመስከረምን ጻፈበት። ሩፋኤልን ያጠፋሁት በገዛ ጣቴ ነው።

ጋሼ ይርጋ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ አይደል ልጄ?» አሉ።

«ሳይሆን አይቀርም» አልሁ።

ይህች ውሸት ሳትውል ሳታድር ተጋለጠች። እማሆይ ወለተ ኪዳን በደጀ ሰላሙ፣ «የሩፋኤል ለት ማጉያው ሲጮኽ አልዋለም እንዴ? መብራት ከሌለ በምን ጮኸ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በየቤቱ ዞረ። ሲዞርም መልስ አገኘ፤ «መብራቱስ ነበረ፤ ምስሉን ያስጠፉት አባ ናቸው። ልጁ ተማሪያቸው አይደል? አጠፋላቸው» ተባለ። እኔ ንፋስ መውጫ ተመልሼ ይህን ከበዓሉ በኋላ እዚያው ከሰነበተችው እናቴ በስልክ እየሰማሁ ዝም አልሁ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ስለ ሕሊና የተጻፈውም አላመለጠኝም። ከተነበበው ይልቅ ግን ሱቄን ከፍቼ ደንበኛዬን መጠበቁ ቀለለኝ። «የራሱን ሰዓት መሙላት ያቃተው» እንዳልባል ፈራሁ።

በስድስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ሄድሁ። የኔታ ከጎጆአቸው ደጃፍ ተቀምጠው ማኅደር ይሰፉ ነበር። ቆሎ አቀረቡልኝ፤ መብላት አቃተኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። መቅረጫው እንዴት እንደሚቆጥር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ ሳቁ፣ ዐይናቸው እስኪያነባ ሳቁ።

«እኛ በጳጉሜን ስንጸበል፣ ለካ እርሱ እንቁጣጣሽን ያከብር ኖሯል!»

እኔም ልስቅ ስል መርፌያቸውን አቆሙ።

«ስንት ቀን ሆነህ ካወቅኸው?»

«ስድስት ቀን፣ የኔታ።»

«አራቱን ቀን መኪናው በላው። ስድስቱን ቀን አንተ ምን አደረግኸው?»

መስፋታቸውን ቀጠሉ፤ ቆይተው፣ «እሑድ ጉባኤ አለ። ብትናገር ትናገራለህ። ብትፈራ እኔ አልናገርብህም፤ ከአፍህ ሳይወጣ ብናገርልህ የእኔ ንግግር ይሆናል እንጂ ያንተ አይሆንም» አሉኝ። ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። በላሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተቀመጠ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ «አባ፣ ይህ ልጅ ምስሉን ያጠፋው በእርስዎ ቃል ነው ይባላል። እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የኔታ እውነቱን በአንድ ቃል ሊያወጡት ይችሉ ነበር። «ከእኔ ቃል አልወጣም። የቀረውን የሚያውቅ ሰው ሲችል ይናገራል» ብለው ተቀመጡ። ወደ እኔ እንኳ ዘወር አላሉም፤ ሕዝቡ በዐይናቸው ተመርቶ እንዳያየኝ ብለው እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ተነሣሁ። ስለ ዐሥራ ሁለቱ ወር፣ ስለ መብራቱ ውሸት፣ ስለ ስድስቱ ቀን ተናገርሁ። ስጨርስ የሚያጉረመርም ነበረ፤ አንዱ ከወደ ኋላ፣ «ተማረ ያልነው ጳጉሜንን ዘነጋት!» አለና አሣቀ። ሳቁ ገና ሳያበቃ ጋሼ ይርጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«እኔም ልናገር። በእኛ ቀን ሙላልን ብዬ ልጁን ያስገደድሁት እኔ ነኝ። የሩፋኤል ለት ዝናቡ ሲወርድ፣ ልጸበል ብዬ ቁልፌን ለአባ ጥዬ የወጣሁትም እኔ ነኝ። አለቃም ቅዳሴ ገብተው ነበርና የእርሳቸውን ሰጥተዋል። አባ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲታሙ ስማችንን አላነሡም።» አለቃው አንገታቸውን ደፍተው፣ «እውነት ነው» አሉ።

ሕዝቡ ተነሥቶ የአባ ወልደ ጻድቅን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ቁልፉን ይዘው እንዲቀጥሉም ለመናቸው። እርሳቸው ግን ከመቀነታቸው ፈትተው ለአለቃው አስረከቡ። «ስሜን መልሳችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። መጽሐፉ ግን በእኔ ተራ ጠፍቷል። ሦስት ቁልፍ በአንድ እጅ መያዝ አልነበረብኝም» አሉ። ከመስቀል በኋላ ስማዳ ወደሚገኝ ገዳም ሄዱ። ዛሬም እዚያ ልጆች ያስተምራሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ እሄድና ጉልበታቸውን ስሜ፣ ስለ አዝመራው አውርተን እመለሳለሁ።

ለመካነ ኢየሱሱ ባለ መጋዘን ቀኑን በፈረንጅ ሞላሁለት፤ በሁለቱም አቆጣጠር የተሰናዳ ወረቀት ጽፌ ከስክሪኑ ጎን ለጠፍሁለት፤ ጳጉሜንን በቀይ ቀለም ከበብኋት። በዚህ ሥራ ላይ ስሕተት ስሠራ ዛሬ በዕለቱ እናገራለሁ፤ ይህንንም ጠባይ ያገኘሁት ከአንድ ሰው ዝምታ ነው። ስለዚያ ዝምታ አመሰግናለሁ።

የጠፋው ግን ይህ ነው። አንድ የብራና መጽሐፍ። አራት የጳጉሜን ቀናት። ስድስት የእኔ ቀናት። አንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ።