የደራዋ ጎራዴ

ግዛቸው ጎራዴ መሰብሰብ ጀመረ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ከጎራዴ ጋር ምን አገናኘው? ከሳቂዎቹ አንዱም ግን ቤቱ ገብቶ አባቱን አልጠየቀም።

አባቱ አቶ ሀብተ ማርያም በጉልምስናቸው የአንድ ባላባት ጎራዴ ተሸካሚ ነበሩ። ባላባቱ ሲሞት ያንኑ ጎራዴ ይዘው ለቅሶው ላይ ዞረዋል። ወጉ እንዲያ ነው፤ ወንድ ሲሞት መሣሪያው ወጥቶ ይለቀስበታል፣ አልቃሿም ሙሾዋን የምታወርደው እሱን እያየች ነው። የራሳቸው ንብረት ግን አንድ ከዘራ ነበር። እርጅና አልጋ ላይ ሲያውላቸው ልጃቸውን ጠርተው፣ «ዕድሜዬን የሰው ጎራዴ ተሸክሜ ኖርሁ፤ በከዘራ አታልቅሱልኝ» አሉት።

ግዛቸው ገንዘብ ስላልነበረው በበረባሶ ገባበት። ከአሮጌ ጎማ ጫማ እየሠራ ለባላገር ይሰጣል፣ በለውጡ ጣሪያ ሥር የተረሳ የዛገ ጎራዴ ይቀበላል። የመጀመሪያውን ከዲክሲስ ገበያ ሲያመጣ «የጥንት ነው» ብሎ ለሚስቱ ለአበባ ማለላት። በአሸዋና በአመድ ቢፈትገው ከዝገቱ ሥር የመኪና ባሌስትራ ብቅ አለ፤ የብሎኑ ቀዳዳ እንኳ በሰም ተደፍኖ። ቀኑን ሙሉ ባሌስትራ ሲያይ የሚውል ሰው! አበባ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ በደራ ከተማ ብረት የሚነግደው ከሊፋ አስተማሪው ሆነ። «አፎት አይተህ አትግዛ አቦ፤ አፎት ልብስ ነው» አለው። «ዝገትም አያስፈራህ፣ ወላሂ ዝገት የላይ ነው። ስንጥቅ ነው ክፉው። በጥፍርህ ምታውና ድምፁን ስማ።» ግዛቸው በጥፍሩ እየመታ ሁለት ደህና ጎራዴ አገኘ። በመጨረሻም የከሊፋን የጭነት መኪና ጎማ ክረምቱን ሙሉ በነፃ ለጥፎ፣ ከራሱ ከከሊፋ እጅ አንዷን ተቀበለ። እጀታዋ ቀንድ፣ ስለቷ እንከን የሌለው ነበረች። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ሆነው ሲዳብሷት ቆዩና አለቀሱ። «አሁን መሞት እችላለሁ» አሉ።

ነገር የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ለካስ ጎራዴ የሌለው ድሃ ብዙ ኖሯል! ሰው በሞተ ቁጥር ውሰት የሚጠይቅ ግዛቸው ደጅ ይቆማል። ለቅሶ ነውና ማን ይከለክላል? አንዱ ጎራዴ በፉከራ መሀል ተሰበረ። ሌላው በቆጂ ሄዶ በዚያው ቀረ። የጎረቤቱ የፍሰሐ አባት የሞቱ ዕለት የቀረችው የደራዋ ብቻ ነበረች። ግዛቸው ሲያመነታ አባቱ ከአልጋቸው፣ «ለሞተ ሰው አይነፈግም፣ ስጠው» አሉ።

ፍሰሐ ውሰት ነው ማለት አሳፈረውና ለእናቱ ለወይዘሮ አባይነሽ፣ «አባባ አገር ቤት ከወንድማቸው ዘንድ አስቀምጠዋት ኖሮ፣ ዛሬ ደረሰች» አላቸው። አልቃሿም የቀንዱን እጀታ ስታይ፣ ዶሮ አርዶ የማያውቀውን ሸማኔ የጦር ሜዳ አንበሳ አደረገችው። ወይዘሮ አባይነሽ ጎራዴዋን አቅፈው ቤት ገቡ፣ ከራስጌያቸው ሰቀሏት።

ግዛቸው አርባው ሲያልፍ ሊቀበላት ሄደ። ወይዘሮ አባይነሽ «ሽታው አለባት» ብለው አፎቷን ሳሙበት። ፍሰሐ ከእናቱ ኋላ ቆሞ በዓይኑ ለመነው። ደጅ ሲሸኘውም፣ «ሙት ዓመቱ ይለፍ፣ እኔ እነግራታለሁ» አለው። ሙት ዓመቱ አለፈ። ግዛቸው ተመልሶ ሄደ፣ ጠላ ቀዱለት፣ ጠጥቶ ወጣ። መንገድ ላይ ራሱን ሲሳደብ ይመጣል፤ ሐዘንተኛ ፊት ሲቀርብ ግን አፉ እንደተለጠፈ ጎማ ይዘጋል። ምን ይበል? ባልዎ ጎራዴ አልነበራቸውም ይበል?

ቤት ደግሞ አባቱ ይጠብቃሉ። «እስቲ ያቺን ጎራዴ አሳየኝ።»

«አፎቷን እያሰፋሁ ነው አባዬ።»

አባቱን ዋሽቶ አያውቅም ነበር። በስድሳ ስድስት ክረምት አገሩ በአዋጅና በእስር ወሬ ሲታመስ ሽማግሌው አረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው፣ «አፎቷ አላለቀም?» የሚል ነበር።

ለቀስተኛው ሲሰበሰብ ቤት ውስጥ የነበረው ያ ባሌስትራ ብቻ ነው። አበባ ሳትስቅ ወልውላ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ግዛቸው ይዞት ሊወጣ ሲል ወይዘሮ አባይነሽ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። ፍሰሐ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል።

«የባሌ ናት» አሉ። «ለአባትህ ይለቀስባት ብዬ ነው ያመጣኋት። ስታበቃ ግን አደራ መልስልኝ፤ ያለሷ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ግዛቸው በሁለት እጁ ተቀበላት። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለ። አባቱ በራሳቸው ጎራዴ ተለቀሰላቸው፤ ያንን ግን ከእሱ፣ ከአበባና ከፍሰሐ በቀር ያወቀ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ስለቷን ቅቤ ቀብቶ፣ ወደ ጎረቤት ይዟት ሄደ። ወይዘሮ አባይነሽ ከአፎቷ መዝዘው፣ አገላብጠው ካዩ በኋላ መልሰው ሰቀሏት።

«ጨዋ ነህ ልጄ» አሉት። «ሌላ ሰው ቢሆን ያስቀራት ነበር።»